በሰኔ ጾም፣ በኤሊዋ መንገድ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጃማይካ ቤይ

እሑድ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጁን 22፣ 2025)፦ ሲልቨር ስፕሪንግ – ኮሌጅ ፓርክ – ኢስተን

ሜሪላንድ የሚኖር ሐበሻ ቴራፒን የምትባለውን ኤሊ በመልክ ያውቃታል። ልጆቻችን በሚለብሱት ቀይ ሹራብ ላይ አለች፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች «ቴርፕስ» የሚባሉት በስሟ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ግቢ ውስጥ፣ ማኬልዲን ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልቷ ቆሟል። ፈተና ሲቃረብ ተማሪው ሁሉ አፍንጫዋን ዳብሶ ስለሚያልፍ ሌላው አካሏ ጠቁሮ አፍንጫዋ ብቻ ያበራል። ሜሪላንድ በ1994 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የግዛቲቱ ይፋዊ ተሳቢ እንስሳ ብላ መርጣታለች። እውነተኛዋ ኤሊ ግን ከሐውልቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ በባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ብዙዎቻችንም በዓይናችን አላየናትም። ልናያት ለስድስት ቀን ጉዞ ተነሳን፤ ወሩም ታስቦበት የተመረጠ ነው። እንስቷ እንቁላል ልትጥል ወደ የብስ የምትወጣው በሰኔና እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ውሃ ውስጥ፣ የብርዱን ወራት ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ታሳልፋለች።

ሙሉ ስሟ ዳይመንድባክ ቴራፒን ነው። «ቴራፒን» ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ከአልጎንኪን ቋንቋዎች የተወሰደ ቃል ነው። የጀርባዋ ቅርፊት የአልማዝ ቅርጽ ባላቸው ገበታዎች የተገጣጠመ ሲሆን በእያንዳንዱ ገበታ ላይ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ ክብ መስመር ይታያል። ቆዳዋ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ የአንዷ ነጠብጣብ ከሌላዋ ጋር አይገጥምም። ከማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ እስከ ቴክሳስ ኮርፐስ ክሪስቲ ባለው የባሕር ዳርቻ ትገኛለች። ከአሜሪካ ኤሊዎች ሁሉ፣ የወንዝ ውሃና የባሕር ጨው በሚቀላቀሉበት ስፍራ ብቻ ዕድሜ ልኳን የምትኖር እሷ ናት።

የሰኔ ጾም ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው፦ ሁለት እሽግ እንጀራ፣ ደረቅ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዳቦ ቆሎና በሶ። የምንሄድበት አገር ሸርጣን የሚበላበት ስለሆነ ለጾመኛ ከድንች ጥብስና ከሰላጣ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የሚያሻግረው፣ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ረጅም ድልድይ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው በ1952፣ መንታው በ1973 ተከፈተ። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ብቻ ነው፤ የሜሪላንድ ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ) ላለው መኪና 2.50 ዶላር። እሑድ ከሰዓት ሕዝቡ ሁሉ ከባሕር ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ባዶ ነበር። ኢስተን ከተማ ሞቴል ለአንድ ሌሊት ከነቀረጡ 138 ዶላር ከፈልን።

እዚህ አካባቢ ይህች ኤሊ በአንድ ዘመን የሀብታም ምግብ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በቅቤና በሼሪ ወይን የሚሠራ የኤሊ ሾርባ በባልቲሞርና በፊላዴልፊያ ትልልቅ ሆቴሎች ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያወጣ ነበር። በ1891 በሜሪላንድ ብቻ 89,000 ፓውንድ ገደማ ኤሊ ተይዟል፤ 30 ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ሺህ ፓውንድ በታች ወረደ። በ1920 የአልኮል ክልከላ ሲታወጅ ወይኑም ከገበያ ጠፋ፣ ሾርባውም ከፋሽን ወጣ፣ የተረፉት ኤሊዎች ትንፋሽ አገኙ። ሜሪላንድ ለገበያ መያዝን ጨርሳ የከለከለችው ግን በ2007 ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 16፦ ቲልግማን – ፖፕላር ደሴት

ከኢስተን እስከ ቲልግማን ባለ ቁጥር 33 መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜዳ፣ የበቆሎ እርሻ፣ በየመሃሉ ከባሕሩ የሚገባ ቀጭን የውሃ ክንድ። መጨረሻው ላይ ያለው ተነሺ ድልድይ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ስለሚከፈት 15 ደቂቃ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ፖፕላር ደሴት የሚወስደው ጀልባና ጉብኝቱ ነፃ ነው፤ ግን ሳምንታት ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው። ሽፍን ጫማ፣ ኮፍያና ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ይዞ መሄድ ይገባል፤ ደሴቱ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም፣ ጥላም የለም ማለት ይቻላል።

የደሴቱ ታሪክ ራሱ የሚገርም ነው። በ1847 ከ1,100 ኤከር በላይ ነበር። ማዕበሉ እየሸረሸረው በ1990ዎቹ 5 ኤከር ያህል ቀረ። ከ1998 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍልና የሜሪላንድ ወደብ አስተዳደር፣ ለባልቲሞር መርከቦች መተላለፊያ ሲባል ከባሕሩ ወለል የሚዛቀውን ደለል ወደዚህ እያመጡ ደሴቱን መልሰው ሠሩት። ዙሪያውን በድንጋይና በአሸዋ ግድብ ያጥሩታል፣ ውስጡን በደለል ይሞሉታል፣ ደለሉ ሲረጋ የረግረግ ሣር ይተክሉበታል። አገር ቤት ጨፌ እንደምንለው ዓይነት ለምለም ነው፤ ሽታው ግን የጨውና የበሰበሰ ጭቃ ነው።

ኤሊዎቹን ማንም አላመጣቸውም። አሸዋው እንደ ተዘረጋ ራሳቸው መጡ። ከ2002 ጀምሮ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲው ዊለም ሮዘንበርግና ተማሪዎቻቸው ጎጆዎቹን ይቆጥራሉ። ይህ ቦታ ለእንቁላል የተመቸበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ራኩን (ሌሊት የሚዘርፍ፣ ትንሽ ውሻ የሚያህል የዱር እንስሳ) እና ቀበሮ የሉም። በየብሱ ዳርቻ ግን የሚበዛው ጎጆ በተጣለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ይዘረፋል፤ ትኩስ የተቆፈረው አሸዋና የእናትየው ሽታ ለራኩን ምልክት ነው። ሁለት ቀን ያለፈው ጎጆ፣ በተለይ ዝናብ ከመታው፣ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ጎጆ ፍለጋው የሚካሄደው በየቀኑ ነው። ከውሃው ጠርዝ ተነስቶ ወደ አሸዋው የሚወጣ ዱካ ይፈለጋል፤ በመካከሉ የሚጎተት የጭራ መስመር አለው። ዱካው ጠፍቶ አሸዋው እንደ ተመረገ ወለል ለስልሶ ሲገኝ በጣት ብቻ፣ በመሣሪያ ሳይሆን፣ ቀስ ተብሎ ይማሳል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሐምራዊ የነካካው ነጭ እንቁላል ይታያል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ልጡ እንደ ወፍራም ቆዳ የሚተጣጠፍ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ አንድ ቀን ካለፈው ማገላበጥ ክልክል ነው፤ ፅንሱ ከላይኛው ልጥ ጋር ስለሚጣበቅ ከተገለበጠ ይሞታል። መነሳት ካለበት አናቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ ተደርጎ፣ ያው ነጥብ ወደ ላይ እንደሆነ ይቀመጣል። በመውጫው ወራት ደግሞ ጫጩቶቹ ሳይቆጠሩ እንዳያልፉ ጎጆው በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ቀለበት ይከበባል፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን በየቀኑ አለማየት ልጆቹን ለፀሐይና ለወፍ መስጠት ነው። አንዳንዶቹ በመጸው ሳይወጡ ጎጆው ውስጥ ከርመው በቀጣዩ ጸደይ ስለሚወጡ ቀለበቱ እስከዚያ መቆየት አለበት።

ጾታውን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ከሆነ የሚበዙት ወንድ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚበዙት ሴት ይሆናሉ። በዚህ ሳምንት የአየሩ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ የተጋለጠው አሸዋ እጅ ያቃጥላል። ጎጆው ከሣር ጥላ ሥር መሆኑና አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ የአሸዋውን ዳርቻ «ለማሳመር» ተብሎ ሣር መትከል ወይም ሣሩን ሁሉ መንቀል ሁለቱም ጉዳት አለው።

ከደሴቱ ጫጩቶች ከፊሉ ወደ ሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። በሞቀ ውሃ ውስጥ እየበሉ ከርመው፣ ጭቃ ውስጥ ሳይተኙ፣ በሚቀጥለው የበጋ መግቢያ ይለቀቃሉ። ሲፈለፈል ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ልጅ በዚያ ጊዜ የሁለትና የሦስት ዓመት ኤሊ ያህላል፤ ሽመላና ሸርጣን በቀላሉ አይውጡትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17፦ የሸርጣን ወጥመድ፤ ሉዊስ – ኬፕ ሜይ

ቲልግማን አጠገብ የውሃ ዳር ቤት ያላቸው አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በሸርጣን ሥራ የፈጁ ሰው፣ የእንጨት መድረካቸው ላይ ጠሩን። ሁለት ወጥመድ አላቸው፤ በሜሪላንድ የውሃ ዳር ባለቤት የሚፈቀድለት ሁለት ብቻ ነው። አንዱን ስበው ሲያወጡት በአራቱ መግቢያ ላይ ኤሊ እንዳይገባ የሚከለክል ፍሬም መኖሩን አሳዩን። ሁለተኛው ከጎረቤት የተገኘ አሮጌ ነው፤ ምንም የለውም። ያንን አብረን ሠራነው።

ወጥመዱ ከሽቦ መረብ የተሠራ፣ ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሳጥን ነው። በአራቱም ጎን እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚገባ መግቢያ አለው፤ መሃሉ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ምግብ ይቀመጣል። ሸርጣኑ ሲገባ ኤሊዋም ትከተላለች፤ ሸርጣን ምግቧ ነው። ሸርጣን በውሃ ይተነፍሳል፣ ኤሊ ግን በሳንባ ነው። በሞቀ ውሃ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ትታፈናለች። የታሰረችው አንዲት ኤሊ ሌላውን ትስባለች፤ በጆርጂያ ረግረግ ውስጥ ተጥሎ በተገኘ አንድ ወጥመድ ብቻ ከ90 በላይ የሞቱ ኤሊዎች ተቆጥረዋል።

መፍትሔው ዋጋው ጥቂት ዶላር የሆነ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ወይም የሽቦ ፍሬም ነው። በሜሪላንድ በግል ለሚያጠምድ ሰው ከ1999 ጀምሮ ግዴታ ሲሆን፣ ልኩ ቁመቱ ከ4.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ12 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ኒው ጀርሲ በጠባብ ቦዮችና በሰው በተቆፈሩ ሐይቆች ለሚጣል ወጥመድ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትፈቅዳለች። ሸርጣን ጠፍጣፋ ስለሆነ በጎኑ ተንሸራቶ ይገባል፤ የኤሊዋ ጀርባ ግን ጉልላት ነው፣ ቁመቱ አያሳልፋትም። የሸርጣኑ ምርት እምብዛም አይቀንስም፤ ይህ በብዙ ቦታ ተሞክሮ የታየ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ፍሬሙ የሚገባው በመግቢያው ጠባብ ጫፍ፣ በወጥመዱ ውስጥ በኩል ነው። ረጅሙ ጎን ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አራቱንም ጥግ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቆ፣ ረጅሞቹን ጎኖች መሃላቸው ላይ ደግሞ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሽቦው ሲለጠጥ በፍሬሙና በመረቡ መካከል ክፍተት ይፈጠርና ኤሊዋ በዚያ ትገባለች። በጣም የሚበዛው ስህተት ፍሬሙን አቁሞ ማሰር ነው። ሌላው ሁለቱን መግቢያ ሠርቶ ሁለቱን መተው ነው። ማሰሪያው በፀሐይና በጨው ስለሚሰባበር በየዓመቱ መጀመሪያ መቀየር አለበት። አራቱን መግቢያ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ፈጀብን። አዛውንቱ ሲጨርሱ ወጥመዱን አገላብጠው በሁለት እጃቸው ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ጎትተው ፈተሹ፤ አንዱ ላልቶ ስለነበር ሁለት ማሰሪያ ጨመሩበት።

ወጥመድ የሚገድለው በአብዛኛው ወንዶቹንና ወጣቶቹን ነው። ወንዱ ሲያድግ እንኳ 14 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ እንስቷ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ስለምትደርስ ትልቋ በመግቢያው አታልፍም። እናቶቹን የሚገድላቸው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማየት ነው ባሕሩን የምንሻገረው።

ከቲልግማን፣ ወደ ኒው ጀርሲዋ ኬፕ ሜይ የሚሻገረው የመኪና ጀልባ እስከሚነሳበት ሉዊስ ወደብ ሁለት ሰዓት ብለን ነበር። የደላዌር የባሕር ዳር መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ሁለት ሰዓት ከ40 ፈጀ፤ ጀልባው አመለጠን። የመኪና ጀልባው ከመነሳቱ 30 ደቂቃ በፊት መድረስ ግድ ነው፤ በሰኔ ማለዳ ወይም ማታ ካልሆነ በስተቀር ያለ ቀጠሮ ቦታ አይገኝም። ቀጣዩን ስንጠብቅ በማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ በረዶው ሟሙቶ እንጀራው ረጠበ፤ እሽግ እንጀራ በበረዶ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ተዘግቶ ነው የሚቀመጠው። መሻገሪያው 85 ደቂቃ ነው። ኬፕ ሜይ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18፦ ስቶን ሃርበር

የኒው ጀርሲ ደቡባዊ ዳርቻ በቀጫጭን አሸዋማ ደሴቶች የታጠረ ነው። ከደሴቶቹ ጀርባ ረግረጉ ለኪሎ ሜትሮች ይዘረጋል፤ ረግረጉን የሚያቋርጡ በአፈር የተሞሉ መንገዶች ደሴቶቹን ከየብስ ያገናኛሉ። ኤሊዋ ጥንት የምትወልድበት የደሴቶቹ አሸዋ ኮረብታ ዛሬ ቤትና ግንብ ተሠርቶበታል። ረግረጉ ውስጥ ከውሃ ሙላት በላይ የሆነ ደረቅ ቦታ የቀራት የአስፋልቱ ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደዚያ ትመጣለች።

ስቶን ሃርበር መንገድ ላይ ያለው የዌትላንድስ ኢንስቲትዩት በ1969 የተመሠረተ ነው፤ ከ1989 ጀምሮም ለኤሊዎቹ ይሠራል። በወቅቱ በመንገዶቹ ላይ ቀንም ሌሊትም በመኪና ቅኝት ይደረጋል። በዚህ አካባቢ በየበጋው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች በመኪና ይሞታሉ፤ የሚሞቱት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንቁላል የያዙ እናቶች ናቸው። ይህ ከወጥመዱ የሚለይበት ነጥብ ነው፤ ከወጥመዱ የተረፈችውን፣ ለመውለድ የደረሰችውን ይወስዳል። እንስቷ ለመውለድ እንደየአካባቢው ከ6 እስከ 10 ዓመት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳትታክት ለብዙ ዓመታት ትወልዳለች። ከልጆቿ የሚያድጉት ጥቂቶች ስለሆኑ የዚህ ዝርያ ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚህ ትልልቅ እናቶች ላይ ነው። አንዲት እናት ስትሞት በአንድ ዓመት እንቁላል አትተካም።

ዛሬ አዲስ ጨረቃ ነው፤ ውሃው በወሩ ከፍተኛ ሙላት ላይ ነው። ኤሊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ውሃው ሲሞላ ስለሆነ፣ በየብስ የሚሄዱት መንገድ ያጥርላቸዋል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ዳር ነበርን። አንዲቱ ከሣሩ ወጣች። በየሁለት እርምጃው አንገቷን አውጥታ ትቆማለች፤ አፈሩን በአፍንጫዋ ትነካካለች። ሁለት ቦታ ጀምራ ተወችው፣ ጠጠሩ ጠንክሮባት ይመስላል። ሦስተኛው ላይ የኋላ እግሮቿን ተራ በተራ እያስገባች ቆፈረች፤ ቀኙ ያወጣል፣ ግራው ይጠርጋል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ ትንሽ ገምቦ ነው። 11 እንቁላል ጣለች፤ እያንዳንዱን በኋላ እግሯ ተቀብላ ወደ ሥር ታወርደዋለች። ከዓይኗ ጥግ ወፍራም ፈሳሽ ይወርዳል፤ ለቅሶ አይደለም፣ ትርፍ ጨውን የምታስወግድበት ዕጢ እዚያ ነው። የጭነት መኪና በአንድ ሜትር ርቀት ባለፈ ቁጥር ራሷን ታስገባለች፣ ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። አፈሩን መልሳ በሆዷ እየደቆሰች አስተካከለችው። ከመቆፈር እስከ መክደን 25 ደቂቃ ፈጀ። ተመልሳ የሄደችው በመጣችበት ነው።

መንገድ ላይ ለሚያገኛት ሰው፦ መጀመሪያ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ መብራት ማብለጭለጭ፤ የራስ ደኅንነት ይቀድማል። ኤሊዋ የሚነሳው በሁለት እጅ፣ ከፊትና ከኋላ እግሯ መካከል ቅርፊቷን በጎን በመያዝ ነው። በጭራዋ ማንሳት አከርካሪዋን ይጎዳል። የሚወስዷት ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ ነው። ብዙ ደግ ሰዎች «ወደ ውሃዋ እንመልሳት» ብለው ወደ መጣችበት ይወስዷታል፤ ያኔ ያንኑ መንገድ እንደገና ልታቋርጥ ትነሳለች። ወደ ቤት መውሰድ በሕግም በሕሊናም ክልክል ነው። ቅርፊቷ ከተሰነጠቀ በደረቅና አየር በሚገባበት ካርቶን፣ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ እንጂ ውሃ ውስጥ መክተት አይገባም፤ የደከመች ኤሊ በጥልቀት በሌለው ውሃ እንኳ ትሰምጣለች። የተገኘችበትን ቦታ በትክክል መመዝገብም ያስፈልጋል፤ ስትድን የምትለቀቀው እዚያው ነው።

የሞተችም ብትሆን አትጣልም። በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰባት እንቁላሎቿን ማዳን ይቻላል። ከሆዷ ወጥተው ታጥበው በእርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል ማዕድን) ሣጥን ውስጥ ይደረደራሉ፣ 30 ዲግሪ ላይ ይሞቃሉ። ሙቀቱ በዚያ ልክ የሚያዘው ሴቶች እንዲወጡ ነው፤ መንገዱ የወሰደው እናቶችን ስለሆነ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ። ብዙዎቹን ስቶክተን ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አሳድጓቸዋል።

አጥር ደግሞ አለ፤ ገጠገጥ ያለው የፍሳሽ ማስተላለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ በመንገዱ ጠርዝ መሬት ላይ ተጋድሞ ይቸነከራል። ክብ ስለሆነ ኤሊዋ ጥፍሯን የምትሰካበት የላትም። ችግሩ በጥገና ነው። ሣር ማጨጃ ይበጣጥሰዋል፤ ከሥሩ አፈር ሲታጠብ ክፍተት ይፈጠራል፤ ሣር ካደገበት መወጣጫ ይሆናታል። የአጥሩ ጫፍ ዝም ብሎ ካለቀም ኤሊዎቹ ተከትለውት ጫፉ ላይ ይሰበሰቡና በአንድ ቦታ ይሻገራሉ፤ ስለዚህ ጫፉ ወደ ረግረጉ መታጠፍ አለበት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19፦ ግሬት ቤይ መንገድ

ከስቶን ሃርበር ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ነድተን ተከርተን አጠገብ ደረስን። ከዚያ ወደ ረግረጉ ልብ የሚገባው ግሬት ቤይ መንገድ «ሰባት ድልድይ» ይባላል፣ የተሠሩት ግን አምስት ናቸው። ግራ ቀኙ እስከ ዓይን መጨረሻ ስፓርቲና የሚባለው የጨው ሣር ነው። በሣሩ ሥር ጭቃውን ከሥሩ ጋር አጣብቀው የያዙ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች አሉ። ከዚህ ደቡብ በቼሳፒክ ታችኛው ክፍልና ከዚያም በታች ደግሞ ቀንድ አውጣዎች በሣሩ ላይ ይወጣሉ፤ ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ፣ ሲሸሽ ወደ ታች። ኤሊዋ ሁለቱንም በጠንካራ መንጋጋዋ ትፈጫለች። በላያቸው በላተኛ የሌለ ቀንድ አውጣዎች ሣሩን አራቁተው ረግረጉን ባዶ ጭቃ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ጠዋት ዝናብ ጣለ። ይህ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም፤ የምትጠጣው የዝናብ ውሃ ነው። ጨው አልባው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከጨዋማው በላይ ለጥቂት ጊዜ እንደ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል፤ ኤሊዋ አንገቷን ዘርግታ ያን ሽፋን ብቻ ትቀዳለች። አፏን ወደ ሰማይ ከፍታም የምትቀበልበት ጊዜ አለ። አፋር ላይ በጨው መካከል ጨው አልባ ምንጭ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ይህን ጥበብ ይረዳዋል።

ማታ ላይ ተሳሳትን። የውሃ ሙላት ሰዓቱን ያየነው ለክፍት ባሕሩ ነበር፤ ከደሴቶቹ ጀርባ ግን ሙላቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ውሃው መሸሽ ጀምሯል ብለን ስንመለስ፣ ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ መንገዱ በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨዋማ ውሃ ተሸፍኖ አገኘነው። አልገባንበትም፤ ከፍ ባለው ድልድይ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። ተናካሾቹ ባለ አረንጓዴ ዓይን ዝንቦች ገና ብቅ ማለታቸው ነው፤ በሐምሌ ቢሆን ከመኪና መውጣት አይቻልም ነበር። ውሃው ሲወርድ መንገዱ ላይ ሁለት ኤሊዎች ነበሩ፤ አንዲቱን በእጅ አሻገርናት፣ ሌላዋ ራሷ ሄደች። በማግሥቱ የመኪናውን ሆድ በ12 ዶላር አሳጠብን፤ ጨው ፍሬንና ጭስ ማውጫ ይበላል።

በኒው ጀርሲ ለገበያ ኤሊ መያዝ በሕግ የተዘጋው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በብርዱ ወራት ጭቃ ውስጥ ተሰብስበው የተኙበትን ቦታ ያወቀ ሰው በጥቂት ቀን መቶዎችን ማውጣት ይችል ነበር። ለቤት እንስሳትና ለምግብ ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ንግድም ከ2013 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በድብቅ የሚሸጥ ግን ዛሬም አለ፤ ጫጩት ይዞ «ልጆችህ ይደሰቱበታል» ለሚል ሰው እሺ ማለት አይገባም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20፦ ጃማይካ ቤይ

ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ብሮድ ቻናል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የጃማይካ ቤይ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፤ በምድር ባቡርም ይደረሳል። ማዶ የኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የማረፊያው አንደኛው ሜዳ ወደ ውሃው የገባ ስለሆነ ኤሊዎቹ አሸዋ ፍለጋ ያቋርጡታል። በ2009 ከ70 በላይ፣ በ2011 ደግሞ 150 የሚሆኑ ወጥተው በረራ ዘግይቷል፤ ሠራተኞች እያነሱ በመኪና ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ በሜዳው ዳር የተጋደመው መከላከያ ያው ስቶን ሃርበር ላይ ያየነው ዓይነት ፕላስቲክ ቱቦ ነው።

እዚህ ዋናው ችግር መንገድም ወጥመድም አይደለም፤ ራኩን ነው። በ1980ዎቹ መጠለያው ወዳለበት ደሴት ገብተው በዙ። በሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲው ራስል በርክ የሚመሩት ጥናቶች ከ10 ጎጆ ከ9 በላይ የሚሆነው በራኩን እንደሚበላ አሳይተዋል። በእግር መንገዱ ዳር 200 ሜትር ባልሞላ ርቀት ሰባት የተቆፈሩ ጎጆዎች ቆጠርን፤ ነጫጭ ልጦች እንደ ደረቀ ሽንኩርት ገለባ ተጠቅልለው ተበትነዋል። አንድ ሁለቱ ውስጥ አስኳሉ ገና አልደረቀም።

ጎጆን ማዳን የሚቻለው በቶሎ ከተደረሰ ብቻ ነው። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የሽቦ ሣጥን ጎጆው ላይ ተደፍቶ ጠርዙ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይገባል፣ በአራቱም ጥግ በረጅም ችካል ይቸነከራል። ራኩን እጁን እንደ ሰው ስለሚጠቀም የላላ ችካል ይነቅላል። መረቡ ጠባብ ከሆነ ከ60ኛው ቀን ጀምሮ ማንም ሳይዘነጋ በየቀኑ መታየት አለበት፤ ጫጩቶቹ ወጥተው መረቡ ውስጥ ታስረው ፀሐይ ይገድላቸዋል። ያለ ፈቃድ ግን ጎጆ መንካት አይቻልም፤ እዚህ ለጎብኚ የተፈቀደው አይቶ ለጠባቂዎቹ መናገር ነው።

አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ትልቅ እናት ከእግር መንገዱ ማዶ ስትከድን አገኘናት። ቆመን ጠበቅናት። ከኬኔዲ የተነሳ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ፤ አንገቷን እንኳ አላስገባችም። ስትጨርስ ቦታውን ለጠባቂዎቹ ነገርናቸው፤ አንዲት ወጣት ሽቦ ሣጥንና መዶሻ ይዛ መጣች፣ አራቱን ችካል መታች፣ ቀኑን በቀይ ጠመኔ ጻፈችበት። ኤሊዋ በዚያን ጊዜ ሣሩ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ወደ ውሃው ስትወርድ የሣሩ ጫፍ ሲወዛወዝ ብቻ ይታይ ነበር።